በሀዋሳ ተማሪ ሆኖ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ማማከር፦ ከትብብር ደብዳቤ እስከ ርክክብ

የተማሪ ቡድን አንድ ድርጅት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ለሪሰርች ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ውስጥ መሰልቸት አለ። ትንንሽ ድርጅቶች በየዓመቱ መጠይቅ ይሞላሉ። ተማሪው መረጃውን ይዞ ይሄዳል፣ ይመረቃል፣ ጽሑፉ ላይብረሪ ይገባል። ድርጅቱ ጋ ተመልሶ የሚመጣ ነገር የለም።

ማማከር ሌላ ሥራ ነው። ድርጅቱ በቅርቡ የሚወስነው አንድ ጉዳይ ይኖራል። የእናንተ ሥራ ያንን ውሳኔ ከግምት ይልቅ በመረጃ እንዲወስን ማገዝ ነው። እዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ የሚጠብቀውን ውሳኔ ካላገኛችሁ ሥራውን አትጀምሩት።

ነገሩ እንዳይደርቅ አንድ የታሰበ ድርጅት ይዘን እንሂድ። ሀዋሳ ውስጥ ለወጣት ሴቶች የልብስ ስፌት ሥልጠና የሚሰጥ፣ ስድስት ሠራተኞች ያሉት አገር በቀል ድርጅት ነው እንበል።

1. መጀመሪያ ዲፓርትመንታችሁ ጋ ጨርሱ

ሥራው በምን ስም እንደሚያዝላችሁ ቀድማችሁ ወስኑ። ኢንተርንሺፕ ሊሆን ይችላል፣ ሲኒየር ፕሮጀክት ወይም የአንድ ኮርስ የግሩፕ ሥራ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባል ሥራም አለበት። መምህሩ ካመነታ ይህን አስታውሱት፤ እናንተ የምትሠሩት ለዲፓርትመንቱም ሪፖርት የሚሞላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቡድን የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ዲፓርትመንቱ የሚፈልገው ባለ 60 ገጽ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ያለው ጽሑፍ ነው። የድርጅቱ ዳይሬክተር የምትፈልገው አምስት ገጽ በአማርኛ ነው። አንዱን ጽፋችሁ ለሁለቱም ለመስጠት ከሞከራችሁ ሁለቱም ይከፋቸዋል። መረጃው አንድ ይሁን፣ ጽሑፉ ሁለት ይሁን። ይህንን ከአድቫይዘራችሁ ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩ፤ የሚቻል ከሆነ የድርጅቱ ሪፖርትም ማርክ እንዲኖረው ጠይቁ። ማርክ የሌለው ሥራ ፋይናል ሲደርስ ማን እንደሚሠራው እናውቃለን።

ጊዜውንም በሐቅ ቁጠሩ። ሴሚስተር በወረቀት 16 ሳምንት ነው። ምዝገባው፣ ሚዱ፣ ፋይናሉና በዓሉ ሲወጣለት ለዚህ ሥራ 9 ወይም 10 ሳምንት ቢተርፋችሁ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ሀዋሳ ላይ የሲዳማ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም አለ። ቀኑን አያንቱዎች የሚባሉ የሲዳማ ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ነው የሚወስኑት፤ ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ላይ ክፍት ሳምንት ይኑር።

2. ቡድኑን በሥራው ልክ አዋቅሩ

አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። የዶርም ጓደኞች ብቻ ተሰብስባችሁ ከመጣችሁ ሁላችሁም አንድ ነገር ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ግን የተለያየ ነው። ሒሳብ መዝገብ ማንበብ የሚችል አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ኤክሴል የማይፈራ ሰው፣ ሰው አዋርቶ ማዳመጥ የሚችል የሶሻል ወርክ ወይም የሳይኮሎጂ ተማሪ ፈልጉ። ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) የሚናገር አባልም የግድ ነው። በከተማዋ አማርኛ ብዙ ቦታ ያስኬዳል። ይሁን እንጂ ከገጠር ወረዳ የመጣች ልጅ ስለ ቤቷ ችግር በአማርኛ የምትነግራችሁና በራሷ ቋንቋ የምትነግራችሁ አንድ አይሆንም። ወላይትኛ የሚችል ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው።

ከድርጅቱ ጋር የሚደዋወል አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ተማሪ በየተራ እየደወለ «ያ ዶክመንት ደረሰ?» ሲል ስልክ መነሳት ያቆማል።

3. ድርጅት ስትመርጡ ትንሹን ምረጡ

ተማሪ ሁሉ የሚሮጠው ግቢው ውስጥ ላንድክሩዘር ወደቆመበት ድርጅት ነው። እነዚህ የራሳቸው ባለሙያ አላቸው፣ አማካሪ ሲፈልጉም ጨረታ ያወጣሉ። የእናንተ ሥራ እዚያ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከሦስት እስከ አሥር ሠራተኛ ያለው፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ሪፖርት የሚጽፍበት ድርጅት ጋ ግን እናንተ የምትሠሩት ነገር ይታያል።

እንዲህ ያሉት አሁን ብዙ ናቸው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን አዋጅ 621/2001 ከተካ ወዲህ ብዙ አዳዲስ አገር በቀል ድርጅቶች ተመዝግበዋል። ብዙዎቹ ፍላጎት እንጂ አሠራር ገና አልገነቡም።

ለማግኘት በክፍለ ከተማው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በክልል ደረጃ የሚሠሩ ድርጅቶች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ስለሚፈራረሙ እዚያ ያለ ባለሙያ ማን የት እንደሚሠራ ያውቃል። የቀበሌ ሠራተኛ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃል። በዕድር ላይ የተመሠረቱ ማኅበራትንም አትዝለሉ።

የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ለማየት አትፈሩ። «ለዲፓርትመንታችን ኮፒ ያስፈልገናል» ካላችሁ ማንም አይቀየምም።

የትብብር ደብዳቤ ማኅተም ያለበትና ቁጥር የወጣለት ይሁን። ደብዳቤው ላይ «መረጃ እንድትሰጧቸው» የሚለውን የተለመደ ሐረግ አስቀሩትና «በአንድ የሥራ ችግራችሁ ላይ ያለ ክፍያ እንዲያግዙ» ተብሎ ይጻፍ። ይህች ለውጥ በሩን ትከፍታለች። ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑንም እዩ። በሩብ ዓመት መጨረሻ ድርጅቱ ሪፖርት ላይ ተቀምጧል፤ ያኔ የሄደ ሰው «ሌላ ቀን ኑ» ይባላል።

4. የመጀመሪያው ስብሰባ፦ የሚጠየቀውን ወዲያው አትቀበሉ

ከመመሪያው ሁሉ ይህኛው ክፍል ላይ ጊዜ ውሰዱ። ድርጅቶች ተማሪ ሲያዩ የሚጠይቁት ነገር ይታወቃል፤ ዌብሳይት፣ ሎጎ፣ ወይም «ፕሮፖዛል ጻፉልን»። እሺ ብሎ መውጣት ቀላል ነው፤ ተማሪ ደግሞ እሺ ማለት ይወዳል። ትንሽ ቆይታችሁ ብትጠይቁ ግን ወሬው እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«ዌብሳይት ቢኖረን ደስ ይለን ነበር።»

«ዌብሳይቱ ቢኖርዎት ምን ይለወጣል?»

«ፈንድ እናገኛለና።»

«ባለፈው ስትጠይቁ ምን አሏችሁ?»

«ከሠለጠኑት ስንቶቹ ሥራ ያዙ ብለው ጠየቁን። የያዝነው ቁጥር አልነበረም። ብዙዎቹም ሳይጨርሱ ያቋርጣሉ።»

«ቀጣዩ ዙር መቼ ነው?»

«መጋቢት።»

«እንደ በፊቱ ነው የሚቀጥለው?»

«እሱን ገና አልወሰንንም።»

ውሳኔው ተገኘ። የመጋቢቱ ዙር እንዴት ይሂድ የሚለው ቀን ያለው፣ ወሳኝ ያለው፣ መረጃ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ዌብሳይቱ ከሦስት ወር በኋላ የሚያድሰው ሰው ያጣል።

ሦስት ነገር ሳትጠይቁ አትውጡ፦ ይህን የሚወስነው ማን ነው? መቼ ነው የሚወሰነው? ከዚህ በፊት ምን ሞክራችኋል? ሦስተኛው በጣም ይጠቅማል። ቦርዱ አምና የጣለውን ሐሳብ እንደ አዲስ ይዞ መምጣት ያሳፍራል።

አንዳንዴ ውሳኔ የሚባል ነገር እንደሌለ ትረዳላችሁ። ድርጅቱ የሚፈልገው ለለጋሹ የሚያሳየው «የዩኒቨርሲቲ ጥናት» ነው፤ መልሱም ቀድሞ ተጽፏል። በትሕትና አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። ይሉኝታ ይዟችሁ ከገባችሁ ሴሚስተሩ ያልቃል።

5. አንድ ገጽ ቲኦአር (የሥራው ዝርዝርና ወሰን)

ከስብሰባው በኋላ ሳትቆዩ ጻፉት፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

ጥያቄ፦ ባለፉት ሁለት ዙሮች ሠልጣኞች ያቋረጡት መቼና ለምን ነው?
ውሳኔው፦ የመጋቢቱ ዙር ፕሮግራም ይቀየር ወይስ ባለበት ይቀጥል።
ወሳኙ፦ ዳይሬክተሯና ቦርዱ።
የምናስረክበው፦ ባለ 5 ገጽ ሪፖርት በአማርኛ፣ የመገኘት መዝገብ በኤክሴል፣ የአንድ ሰዓት ገለጻ።
የማንሠራው፦ ዌብሳይት፣ ፕሮፖዛል፣ የሒሳብ ምርመራ።
ድርጅቱ የሚያቀርበው፦ የሁለት ዙር መዝገብ፣ አንድ ተጠሪ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት።
ወጪ፦ ትራንስፖርትና ፎቶ ኮፒ በቡድኑ፤ የአበል ክፍያ የለም።
ረቂቅ፦ ጥር 25። የመጨረሻው፦ የካቲት 10።

«የማንሠራው» የሚለው መስመር ትንሽ ደፋር ይመስላል፤ ግን አታውጡት። ኅዳር ላይ ካልተጻፈ ጥር ላይ «እግረ መንገዳችሁን ፌስቡካችንንም…» ይመጣል።

6. ሰው ከማናገራችሁ በፊት መዝገቡን አንብቡ

ተማሪ መጠይቅ ማዘጋጀት ይወዳል። ግማሹ መልስ ግን ድርጅቱ ሸልፍ ላይ ተቀምጧል፤ በመገኘት መዝገብ፣ በምዝገባ ፎርም፣ ባለፈው ዓመት ሪፖርት፣ በክፍያ ሰነድ። መጀመሪያ እነሱን ወደ ኤክሴል አስገቡ።

እዚህ ላይ የእኛ አገር መዝገብ የራሱ ጣጣ አለው። ቀኑ ግማሹ በኢትዮጵያ፣ ግማሹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ገጽ ላይ። 2015 የሚለው የእኛ ነው የእነሱ? ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ስለሆነ በደፈናው 8 መደመር ዕድሜና ጊዜ ያዛባል። ኤክሴል ደግሞ የእኛን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብታስገቡት የሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ በቀን ደርድር ስትሉት ከመስመር ይወጣል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናት፤ ጭራሽ አያውቃትም። መፍትሔው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ሦስት ዓምድ ማድረግና በአራተኛው ዓምድ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ነው። ሰዓትም እንዲሁ፤ «2፡00» የሚለው ጠዋት መሆኑን አረጋግጡ።

ስሞችም ይበዛሉ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ተብላ አንዲት ልጅ ሦስት ሰው ሆና ልትቆጠር ትችላለች። በስም ብቻ አትቁጠሩ፤ የአባት ስም፣ የአያት ስምና ስልክ ቁጥር አመሳክሩ። ለሁሉም መለያ ቁጥር ስጡ፤ ከዚያ በኋላ ትንተናው በመለያ ቁጥሩ ብቻ ይሂድ።

ሥራው አሰልቺ ነው። ሲያልቅ ግን ጥያቄያችሁ ይቀየራል። ዳይሬክተሯ «ልጆቹ ፍላጎት የላቸውም» ብላችኋለች እንበል። መዝገቡ ደግሞ መቅረት የሚበዛው በገበያ ቀን መሆኑን፣ ማቋረጥ የሚጀምረው በአራተኛው ሳምንት መሆኑን ያሳያል። ፍላጎት የሌለው ሰው ቀን አይመርጥም። አሁን ሰው ስታናግሩ ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ።

7. ሰው ስታናግሩ

የጨረሱትን ብቻ አታናግሩ። እነሱ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ስለ ድርጅቱም ደግ ደጉን ይናገራሉ። መልሱ ያለው ያቋረጡት ጋ ነው። ስልካቸው ተቀይሮ ይሆናል፤ አብራቸው የሠለጠነች ጓደኛ ወይም የቀበሌ የሴቶች አደረጃጀት ያገናኛችኋል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የገባች ካለች ፈረቃዋን ጠይቁና በእሷ ሰዓት ሂዱ።

ዐሥራ አምስት ሰው በደንብ ማነጋገር ለመቶ ሰው ፎርም ከማስሞላት ይሻላል፤ ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ማለቴ ነው። ፎርም የግድ ካስፈለገ ኮቦ ቱልቦክስ ለበጎ አድራጎት ሥራ በነፃ አለ። ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል፣ አንዱን ፎርም በተለያየ ቋንቋ ማዘጋጀትም ይቻላል።

«ለምን አቋረጥሽ?» ብሎ መጀመር ወቀሳ ይመስላል። የምታገኙት መልስ «እንዲሁ ነው» ወይም «አልተመቸኝም» ነው። «መጨረሻ የመጣሽበት ሳምንት እንዴት ነበር? ጠዋት ከቤት ስትወጪ ልጁን ማን ይይዝልሽ ነበር?» በሉ። ወሬው ራሱ ምክንያቱን ያወጣዋል። የድርጅቱ ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥ፤ እሱ ባለበት የሚነገራችሁ ምስጋና ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉትን «እርስዎ» በሉ። ቡና ከቀረበ ጠጡ፤ ሰዓታችሁን እያያችሁ አትጠጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት በግልጽ ንገሯት፦ «ስምሽ አይጻፍም። መመለስ ካልፈለግሽ ትችያለሽ። መለስሽም አልመለስሽም ከድርጅቱ የምታገኚው ነገር አይቀየርም።» ምንም ቃል አትግቡ። «እናያለን» የምትለዋ ቃል እንኳ እንደ ተስፋ ትሰማለች።

የሰው መረጃ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አዋጁ ባይኖርም የሠልጣኞችን ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣል ነውር ነው። ፋይሉ በአንድ ላፕቶፕ ላይ፣ በፓስወርድ ይቀመጥ። ሕፃናት፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ወይም የጤና ሁኔታ ያለበት ጥያቄ ከመጣ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ሳያየው አትንኩት። በአንድ ሴሚስተር የማይሆን ከሆነ ጥያቄውን ቀይሩ።

8. ወደ ብር ቀይሩት

ቦርድ የሚሰማው ብር ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለአንድ ዙር 520,000 ብር ወጥቶ 40 ልጆች ተመዘገቡ እንበል። ድርጅቱ ሪፖርቱ ላይ «ለአንድ ሠልጣኝ 13,000 ብር» ይላል። የጨረሱት 26 ከሆኑ ግን ለአንድ የጨረሰች ልጅ የወጣው 20,000 ብር ነው። ልጅ የሚጠብቅ ሰው ለመቅጠር ለዙሩ 40,000 ብር ቢጨመርና 35 ልጆች ቢጨርሱ 16,000 ብር ይሆናል። ወጪ ተጨምሮ ዋጋው ረከሰ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 35 የሚለው ግምት ነው፤ ግምት መሆኑን ጻፉ። ስንት ልጅ ቢጨርስ ነው ነገሩ አዋጪ የሚሆነው የሚለውንም አስሉ። እዚህ ምሳሌ ላይ 28 ነው። 560,000 ለ28 ሲካፈል 20,000 ስለሚሆን ከዚያ በታች ከሆነ አልጠቀመም ማለት ነው። ቦርዱ የሚያስብበት ቁጥር ይህ ነው።

አዲስ ወጪ ስትመክሩ የድርጅቱን የሒሳብ ሠራተኛ አማክሩ። አዋጅ 1113 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ያሰባችሁት ወጪ የፕሮጀክት ነው ወይስ የአስተዳደር የሚለውን ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቃል።

9. ገለጻው

መጥፎ ዜና በስብሰባ መሐል አታፈንዱ። ረቂቁን መጀመሪያ ለዳይሬክተሯ ለብቻዋ አሳዩ። «ይህ ትክክል አይደለም» የምትለው ነገር ካለ ያኔ ትነግራችኋለች፤ አንዳንዴም እውነቷን ነው። እሷ የማታውቀውን ጉድለት በቦርዱ ፊት ከሰማች ግን ምክራችሁ ምንም ያህል ቢያምር አይሠራም። ይህ ማለት ግኝቱን ለእሷ ብላችሁ ታለዝባላችሁ ማለት አይደለም። ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ አቀራረቡ ላይ ነው መደራደር የሚቻለው።

ሪፖርቱ ከውሳኔው ይጀምር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ከነዋጋቸው፣ ከእነሱም የእናንተ ምርጫ የትኛው እንደሆነ። «ባለበት ይቀጥል» የሚለውም አንዱ አማራጭ ይሁን። ስለ ማኅበሩ አመሠራረት የሚያትት መግቢያ አያስፈልግም፤ ያቋቋሙት እነሱ ናቸው።

10. ርክክብ

የኤክሴል መዝገቡን አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ እናንተ እያያችሁ ትሙላው። ከኋላዋ ቆማችሁ ማውሱን አትቀሟት። የተቸገረችበት ዓምድ ካለ ዓምዱን አውጡት። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚሠራው እሷ የገባት ብቻ ነው። የተከፈተ አካውንት ሁሉ በድርጅቱ ኢሜይል ይሁን፤ በአንዳችሁ ጂሜይል ተከፍቶ፣ ልጁ ተመርቆ ሲም ካርዱን ሲቀይር የሚቆለፍ ፋይል ስንት አለ። የስም ዝርዝር ያለበትን ኮፒ ከላፕቶፓችሁና ከፍላሻችሁ አጥፉ፤ ማጥፋታችሁንም በርክክብ ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

ካነጋገራችኋቸው ልጆች ለምታገኟቸው ደውላችሁ ምን እንደተገኘ በሁለት ዐረፍተ ነገር ንገሯቸው። ይህን የሚያደርግ ብዙ የለም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በገለጻው ሳምንት ጠይቁ። ዳይሬክተሯ ፊልድ ከወጣች፣ ማኅተም ያዡም ፈቃድ ከገባ ወር ይፈጃል። ረቂቁን እናንተው ጻፉላትና አይታ እንድታስተካክለው ስጧት። «በትጋት አገልግለዋል» የሚለው ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም፤ «የሁለት ዙር የመገኘት መዝገብ አደራጅተው፣ ያቋረጡ ሠልጣኞችን አነጋግረው፣ ለመጋቢቱ ዙር የፕሮግራም አማራጭ ከነወጪው አቅርበዋል» ይበል። ለእያንዳንዱ የቡድን አባል የየራሱ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት ይሁን፤ አንዱን ኦሪጅናል ለአምስት ፎቶ ኮፒ ማድረግ በኋላ ያጣላል።